የቄሱ ቤት ሰላም

«አይመታሽ፣ አይሰክር፣ ውጭ አያድር። ታዲያ ምን አደረገሽ?» አሉ አቶ ጌትነት።

«አያናግረኝም» አለች ሔራን።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በክፋት አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት ከቤታቸው ተጠርተው የመጡ፣ ደም ያለበት ወይም ሌላ ሴት ያለችበት ነገር ይገጥመን ይሆን ብለው ሲሰጉ ያረፈዱ ሰዎች፣ ሸክማቸው ሲቀልላቸው የሚስቁት ሳቅ ነበር። «እኔንማ ሚስቴ ለአንድ ሳምንት ዝም ብትለኝ ስለት አገባ ነበር» አሉ አቶ ጌትነት፤ እንደገና ተሳቀ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስም ጢማቸውን እየዳበሱ «ዝም አይነቅዝም ብለዋል አበው» ሲሉ ጨመሩበት። ከመጋረጃው ጀርባ እናትዓለም ሻይ እየቀዳች ነበር። «አያናግረኝም» የሚለው ቃል ጆሮዋ ሲገባ እጇ ሳተና ሻዩ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ስኳር ኪሎው መቶ ስልሳ ብር በገባበት ሰሞን ጣፋጭ ሻይ ማፍሰስ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ እሷ ግን ጨርቅ እንኳ ሳታነሣ ቆማ ቀረች።

ቤቱ የእሷ ነው፤ ማለት የባሏ የቀሲስ ፍሬ ስብሐት ነው፤ እንዲያውም የሁለቱም ሳይሆን የደብሩ ነው። ከጣና ዳር ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ጋር ተጣብቀው ከተሠሩት የካህናት ቤቶች አንዱ ሲሆን ሁለት ክፍል አለው፤ በመካከል በር ይሆናል የተባለው ቦታ ላይ አበባ ያለበት መጋረጃ ተሰቅሎ ቀርቷል። በእንግዳ መቀበያው አግዳሚ ወንበሮችና የቀሲስ ባለመደገፊያ ወንበር አሉ። ግድግዳው ላይ ከእመቤታችን ሥዕል በታች የሠርጋቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም ካባ ለብሰው፣ የተክሊል አክሊል ደፍተው፣ ምንም ሳይስቁ ወደፊት ያያሉ። የገባ እንግዳ ሁሉ ያን ፎቶ አይቶ «ቁርባን እንዲህ ነው» ሳይል አይወጣም። ግንቦት ስለሆነ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ከሐይቁ በኩል የደንገልና የዓሣ ሽታ ያዘለ ሞቃት ነፋስ ይገባል።

ቀሲስ ፍሬ ስብሐት በመቋሚያቸው ጫፍ የሲሚንቶውን ወለል አንድ ጊዜ ኳ አደረጉት። አንድ ጊዜ ሲሆን አምጪ ማለት ነው፤ ደጋግመው ሲመቱ ደግሞ አንሺ። እናትዓለም ትሪውን ይዛ ብቅ አለች፤ ለሽማግሌዎቹ በየተራ ሰጥታ ለባሏ ስታደርስ፣ ቀሲስ ዓይናቸውን ከመስቀላቸው ሳይነቅሉ ብርጭቆውን ተቀበሉ። አቶ ጌትነት በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ ልጄ?» አሏት ሔራንን። «ቃል አላወጡም፤ ቃልም አልጠየቁም። ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል የሚባለው ይኼው ነው።» መሪጌታም ይህ ተራ ዝምታ እንዳይመስላት ብለው ስሙን ነገሯት፦ አርምሞ። ቅዱሳን በየዋሻው የኖሩበት፣ ምላስ ታስሮ ልብ የሚናገርበት ዝምታ። በሰፈሩ ሁሉ የታወቀ ነው። እናት ልጇን ስትድር «የቀሲስን ቤት ሰላም ይስጥሽ» ብላ ትመርቃለች።

ከእናትዓለም ንስሐ አባት በቀር እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎችና እግዚአብሔር ናቸው። ቀሲስ ፍሬ ስብሐት ሚስታቸውን ካነጋገሩ ሦስት ዓመት አልፏል፤ የሚያደርጉትም ለጽድቅ ሳይሆን ለቅጣት ነው። ልጃቸውን ወንጌላዊትን ዱርቤቴ ላለ የአንድ ወዳጃቸው ልጅ፣ ለዲያቆን፣ ሊድሯት ቃል ሰጥተው ነበር። እናትዓለም ልጅቷን በጓሮ በር አስወጥታ ዩኒቨርሲቲ ወደ ተመደበችበት ደብረ ብርሃን ሰደደቻት። ቀሲስ ልጅቷን ይቅር ብለዋታል። በየበዓሉ ስትደውል «የኔ ወለላ» እያሉ ያነጋግሯታል። ይቅርታው እናትየው ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። እናትዓለም መጀመሪያ ለመነች፤ ቀጥላ አለቀሰች፤ ቀጥላ ጮኸች። አንድ ቀን ከሥራ ብዛት ሳታውቀው መቋሚያው ኳ ሲል ተነሣችና ውኃ አቀረበች፤ ከዚያ ወዲያ መነሣት ሥራዋ ሆነ። ለንስሐ አባቷም ተናግራ ነበር። አዛውንቱ «ይሰድቡሻል?» አሏት። «የለም።» «ይመቱሻል?» «የለም።» «እንግዲያማ ተመስገን በዪ» ብለው በመስቀላቸው ባረኳት። የትም አትሄድ ነገር፣ ቤቱ የደብሩ ነው፤ ቄስ ትዳሩ ፈርሶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል፣ ሳያገባ ቢኖርም የሰው አፍ አይለቀውም። የካህን ስም አጥፍታ የመጣች ሴት ደግሞ እንኳን ባሕር ዳር፣ በተወለደችበት አገርም ማንም ደጁን አይከፍትላትም።

«እሷ ለብቻዋ ታነጋግራት። የሴት ነገር ለሴት ይሻላል» አሉ ቀሲስ፤ እናትዓለም ትሪዋን ይዛ አጠገባቸው ቆማ ሳለች የተናገሩት ለመሪጌታ ነበር።

ሔራን መጋረጃውን አልፋ ስትገባ ሁለቱን አልጋዎች አየችና ዓይኗን ቶሎ መለሰች፤ የካህናት ቤት ሥርዓት ነው ብላ ይሆናል። ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች፣ እዚህ ኮሌጅ ሬጅስትራር ተቀጥራ የመጣች፣ ቀጠን ያለች ልጅ ናት። ባሏ ግሩም የአቶ ጌትነት የእህት ልጅ ሲሆን ባንክ ውስጥ ይሠራል። ተክሊላቸውን ያደረሱት ራሳቸው ቀሲስ ፍሬ ስብሐት ነበሩ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሥራ ባልደረባዋ መሲ ቤት ፍራሽ ላይ ነው የምታድረው። ሐዘኗን ስታወራ አታለቅስም ነበር፤ ድካም ብቻ ነበር ያለባት። በፊት አፉ አያርፍም ነበር አለች፤ የቢሮውን ወሬ፣ የኳሱን፣ የነዳጁን፣ ያየውን ሁሉ ይነግራት ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ግን ድንገት ዘጋ። ወደ ቤት ሲገባ ፈገግ ይላል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ስትጠይቀው ፈገግ ይላል። ስታለቅስ ፀጉሯን ይዳስሳል፣ ቃል ግን የለም። «ቢሰድበኝ እንኳ መልስ እሰጠው ነበር። አሁን ግን መኖሬን የምጠራጠርበት ቀን መጣ። አንድ ቀን ቢሮ ስልክ አንስቼ ‹ሃሎ› ስል የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ።»

እናትዓለም የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ተቀመጠች። ይህን ቃል በቃል ታውቀዋለች፤ የራሷን ሆድ ሰው ከፍቶ ያነበበው መሰላት።

«እትዬ» አለች ሔራን፣ «ሽማግሌዎቹን አይደለም የማምነው፣ እርስዎን ነው። ብዙ ጊዜ ቀንቼብዎታለሁ። እርስዎ ‹ተመለሽ› ካሉኝ ዛሬውኑ እመለሳለሁ። ‹ይቅርብሽ› ካሉኝ ሰኞ ሐዋሳ እናቴ ጋ ነኝ። ዝምታው ሲቆይ ሰላም ይሆናል? እውነቱን ይንገሩኝ።»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ከመጋረጃው ማዶ ግን የባሏ ድምፅ ይሰማል፤ ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር እያወሩ ነው፣ ለስላሳና ሙሉ ድምፅ፣ ለአገሩ ሁሉ የሚበቃ። ይህች ልጅ «ለምን አልመለስም አልሽ?» ተብላ ስትጠየቅ የሰማችውን መናገሯ አይቀርም፤ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናትዓለም ፈራች። መፍራቷንም አወቀችው፤ አፈረችም። «አስቀድሜ ቤትሽን ልየው» አለች፤ ጊዜ ለመግዛት ያህል ነው። ሽማግሌዎቹም በዚሁ ተስማሙ። ሴቶቹ ቀድመው ሄደው የሚቀመስ ነገር ያዘጋጁ፣ እርቁ ከሰዓት በኋላ ዘንዘልማ በግሩም ቤት ይሁን፣ ባጃጅና ታክሲ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ስለማይንቀሳቀስ ግን ንግግር ባይረዝም ተባለ። በዚህ ዘመን ሽምግልናውም ሰዓት እላፊ ያውቃል።

ከሐይቁ ዳር ቆሮሶ ዓሣ ገዙ። ሻጩ ኪሎውን አምስት መቶ ብሎ የቀሲስን ሚስት ሲያይ ሃምሳ ቀነሰላት፤ «ለቄሱ ብየ ነው፤ ይጸልዩልኝ» አለ። ባጃጁም እንደዚሁ ሦስት መቶ ተብሎ በሁለት መቶ ሃምሳ ተስማማ። በባሕር ዳር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለቄሱ ሲል ለእሷ ደግ ነው። ዘንባባው በግራና በቀኝ እያለፈ፣ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሲሻገሩ ሔራን አንገቷን አውጥታ ውኃውን ታይ ነበር። እናትዓለም አሁን ልንገራት ብላ አፏን ከፈተች። ባለባጃጁ መስታወቱን አስተካክሎ «እማማ፣ ቄስ ፍሬ ስብሐት ባለቤትዎ ናቸው አይደል? ስብከታቸው እኮ ልብ ይነካል» አለ። አፏን መልሳ ዘጋች። ይህ ሰው ምን አጠፋ? ማንም ምንም አላጠፋም፤ ሁሉም የሚያየውን ነው ያመነው።

ዘንዘልማ ትናንት ጤፍ የሚዘራበት፣ ዛሬ ብሎኬት የበቀለበት ሰፈር ነው። የግሩም ቤት ከመንገዱ ሲያዩት ያስቀናል። ፊቱ ከላይ እስከ ታች ቡናማ ሴራሚክ ለብሷል፤ በሩም ባለ አንበሳ ብረት ነው። በጎን ዞረው ወደ ማድ ቤቱ ሲሄዱ ግን ጀርባው ልስን ያላየ ራቁት ብሎኬት ነው፤ መስኮቱም በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል። «ገንዘቡ ፊቱ ላይ አለቀ» አለች ሔራን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላስቲኩ አልወለቀለትም፤ የመስታወቱ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የሞላው ቴሌቪዥንና ጥግ ላይ የቆመው የፕላስቲክ አበባ ሁሉ አዲስ ናቸው። ግሩም እጅ ነሥቶ ተቀበላቸው። እናትዓለምን ተቀበላት ማለት ይሻላል። «እትየ፣ እንኳን ደኅና መጡልኝ! እንዴት ሰነበቱ? ቄሱ ደኅና ናቸው? ወንጌላዊትስ ትደውላለች? ሴራሚኩን አዩልኝ? ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት።» ወሬኛ፣ ደግ ፊት ያለው፣ ወፈር ያለ ጎልማሳ ነው። ከሳምንት በኋላ ወደ ቤቷ የገባችውን ሚስቱን ግን በፈገግታ ራሱን ነቀነቀላት እንጂ አንዲት ቃል አልወጣውም።

ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠና የጋብቻ ቀለበቱ ባለበት ጣት የጠረጴዛውን መስታወት ኳ አደረገው።

ሔራን ተነሥታ ውኃ ልታመጣ ሄደች። እናትዓለም የጣቱን ቀለበት አፍጥጣ አየች። ግሩም ዞር ብሎ አያት፤ በቃሉ ያጠናውን ለመምህሩ ያሰማ ተማሪ ምስጋና እንደሚጠብቀው ዓይነት ነበር አስተያየቱ።

«ከእናንተ ቤት ነው የተማርሁት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አባቱና እናቱ መራዊ ላይ ሲጨቃጨቁ መንደሩ በሙሉ ይሰማ እንደነበር፣ በልጅነቱ ስንት ሌሊት አጥር ዘሎ ጎረቤት እንዳደረ ነገራት። «የጥምቀት ለት እናንተ ቤት ስመጣ ቄሱ መቋሚያቸውን ኳ ሲያደርጉ እርስዎ ብቅ አሉ። ምንም ቃል የለም! ‹ጌታየ፣ እንዲህ ያለ ሰላም ለእኔም ስጠኝ› ብየ ተሳልሁ። እሷ ግን አልገባትም፤ የጠላኋት መሰላት።»

«ንገራት እንግዲያ!»

«እንዴት ልንገራት? ከነገርኋትማ አርምሞው ምኑን አርምሞ ሆነ?»

እናትዓለም ልትስቅም ልታለቅስም አማራት። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር፤ ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ መናኸሪያ ነበር። ይህ ግን ትዳሩን የሚወድ ሞኝ ነው። የእሷን መቃብር አይቶ ቤተ መቅደስ የመሰለው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ዝምታ አንዴ ከተለመደ በፍቅር ተጀመረ በቂም አይጠይቅም፤ ሁለት ዓመት ቢቆይ ይህ ልጅም ጣቱን የሚያነሣው ስለ ጽድቅ መሆኑን ይረሳዋል። «ልጄ፣ የኛ ቤት እንዳየኸው አይደለም» አለችው። «ያየኸው ሌላ፣ ያለው ሌላ ነው።»

ግሩም ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። «እንዲህ እንደሚሉኝ አውቄ ነበር» አለ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ጻድቅ ጽድቁን ይደብቃል እንጂ ያወራል እንዴ?»

ማድ ቤት ውስጥ ዓሣውን ሲያጥቡ ሔራን መልሷን አልጠየቀችም፣ ግን ትጠብቅ ነበር። ቢላዋውን ስታቀብላት ታያታለች፣ ሽንኩርቱን ስትከትፍ ታያታለች። እናትዓለም ስለ ዘይት ዋጋ አወራች። ስለ ቲማቲም አወራች፤ ባለፈው ወር ስልሳ የነበረው መቶ መግባቱን። ሔራን «እ» እያለች ሰማቻት፤ ጥቂት ቆይታም ፊቷን ወደ መጥበሻው መለሰች። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ የዘይቱ ጩኸት ብቻ ሲቀር፣ እናትዓለም ራሷ ዛሬ በዚህች ልጅ ላይ ቀሲስ እሷ ላይ የሚያደርጉትን እያደረገች መሆኑ ገባት። ልትነግራት ዞረች። ሆኖም ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ ሽማግሌዎቹ ደረሱ።

እርቁ በወጉ ተጀመረ። አቶ ጌትነት ሁሉም ሰባት ጊዜ የሰማውን ምሳሌ ተናገሩ። ሔራን ከግሩም ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ የእጅ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው። ቀሲስ ፍሬ ስብሐት ተነሥተው ስለ ሰላም አስተማሩ። ትምህርታቸው እውነትም ልብ ይነካል። ሰላም ከቤት እንደሚጀምር፣ ቤት ከሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ከአንድ ልብ እንደሚጀምሩ ሲናገሩ እናትዓለም እንኳ ለአፍታ ረስታው ነበር፤ እነዚህ ቃላት ከዚያ አፍ የሚወጡ ከሆነ ለእኔም አንድ ቀን ይተርፈኝ ይሆናል የሚል ከንቱ ተስፋ ነካት። «አሁን ወንድማችን ዝም ያለው በክፋት ካልሆነ፣ እህታችንም በትዕግሥት ብትቀበለው፣ ዝምታ የጠብ መቃብር ነው» ብለው ተቀመጡ። አቶ ጌትነት «ዘካርያስም እኮ ልጁ እስኪወለድ ዝም ብሏል!» አሉ። መሪጌታ ዘካርያስ አንደበቱ የተያዘው ለቅጣት መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ፤ ነገር ግን የእርቅ ቀን ነውና አላረሟቸውም።

«የመጨረሻውን ቃል ወይዘሮ እናትዓለም ይስጡን» አሉ አቶ ጌትነት። «ልጅቱም እርስዎን ነው የምሰማ ብላለች። የቤታችሁን ምስጢር ያካፍሏቸውና ተሳስመው ዓሣችንን እንብላ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ቀሲስ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ጥቁር መስታወት ያያሉ። በዚያ መስታወት ውስጥ እናትዓለም ራሷን አየች፤ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን አጣምራ፣ እንደ ፎቶው። ሔራን ቀና አላለችም። «ተመለሽ» ቢሏት ትመለሳለች፤ ይህ በፊቷ ላይ ተጽፎ ነበር። ዛሬ ማታ እዚህ ታድራለች፣ ነገ ጣት ሲያንኳኳ ትነሣለች፣ ከዓመታት በኋላም አንዲት ሌላ ልጅ መጥታ «እትዬ፣ እንዴት እንዲህ ተስማማችሁ?» ትላታለች።

«እኔ ንግግር አልችልበትም» አለች እናትዓለም። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፤ ብዙ አልሠራበትም። «ሁላችሁም የኛን ቤት ትጠቅሳላችሁ። ጥቀሱት፤ ግን እንዳለ ጥቀሱት። ቄሱ እኔን ካነጋገሩኝ ሦስት ዓመት አለፈ። ሱባኤ ይዘው አይደለም፣ ተስለውም አይደለም። ተቀይመውኝ ነው።»

እንግዲህ ወጣ፤ እንግዲህ ጣሪያው ይወርዳል ብላ ጠበቀች። ጣሪያው አልወረደም። አቶ ጌትነት እጃቸውን አጨበጨቡና «እሰይ!» አሉ። «ሰማችሁ? ሦስት ዓመት ሙሉ ክፉ ቃል ያልወጣበት ቤት! ያውም ጥፋቱን በራሷ ስታደርግ! እግዚአብሔር ያክብርልን!» የገባውም ያልገባውም እኩል «አሜን» አለ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ገብቷቸዋል፤ «አሜን» ሲሉ ወለሉን ነበር የሚያዩት። ቀሲስ አንገታቸውን ደፍተው መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ያየ ሰው ውዳሴ የከበደው ትሑት ነው የሚላቸው። ግሩም እንባውን ጠረገ። እናትዓለም እውነቱን አውጥታ በፊታቸው አስቀመጠችው፤ እነሱ ደግሞ አንስተው አክሊል አድርገው መልሰው ደፉላት።

ሔራን ግን ቀና ብላ ነበር። «ሲታመሙስ?» አለች ቀስ ብላ። «ክረምት ላይ ሆስፒታል የተኙ ጊዜስ? ቄሱ በየቀኑ ይመጡ ነበር፤ እኔም አይቻቸዋለሁ።»

«ይመጡ ነበር» አለች እናትዓለም። «አልጋየ ጥግ ቆመው ነርሷን ‹እንዴት አደረች?› ይላሉ። እሷ ታየኛለች፤ እኔ ለሷ እነግራታለሁ፤ እሷ ለሳቸው ትነግራቸዋለች። እኔን አንድ ቀን ‹እንዴት አደርሽ?› አላሉኝም።»

ይህን ግን «እሰይ» የሚለው ሰው አልተገኘም። ሔራን ቦርሳዋን አንግታ ተነሣች። ዓሣውን ልታቀርብ ነው ብለው መንገድ ለቀቁላት። ባለ አንበሳው የብረት በር ከኋላዋ ተጋጭቶ ሲዘጋ ነው የነቁት። ግሩም ግራ ገብቶት ቀሲስን አየ፤ ምልክት የሚጠብቅ ይመስላል። ምልክት አልመጣለትም። ከዚያ በካልሲው ዘሎ ወጣ። «ሔሪ! ቆይ! ሔሪ፣ እኔ እኮ…» ሲል ተሰማ። በመስኮቱ ሲያዩ፣ በአቧራው መንገድ ላይ በጎኗ በጎኗ እየሮጠ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል። እሷ አትዞርም፤ ወደ አስፋልቱ ትሄዳለች። የሚለው አይሰማም፣ አፉ ግን አልተዘጋም ነበር። እስኪታጠፉ ድረስ አልተዘጋም።

ሽማግሌዎቹ ዓሣው እንዳይበላሽ ብለው በሉ። ስለ ነገሩ ማንም አላነሣም። ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘንዘልማ መሬት ዋጋ ተነጋገሩ። ቀሲስ በደንብ ጸሎተ ማዕድ አሳርገው፣ ሰዓቱ ሳይደርስ እንነሣ ተባለ። አቶ ጌትነት ሲሰናበቷት እናትዓለምን አንገቷን አቀፉ፤ የሌላ ጊዜውን ምርቃት ግን ዛሬ ትተው ወጡ።

ባጃጁ ከመንገዱ መቆፈር የተነሣ ከቤታቸው ራቅ አድርጎ አወረዳቸው። ቀሪውን መንገድ በሐይቁ ዳር በእግር ሄዱ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ውኃው ላይ ከደሴት የሚመለሱ ጀልባዎች ይታያሉ። ሰዎች ከዚህም ከዚያም እየመጡ መስቀል ይሳለማሉ፤ ቀሲስ ለእያንዳንዱ «እንዴት ዋልህ? ልጅሽ ተሻለው?» ይላሉ። እሳቸው ፊት፣ እሷ ከኋላ። ነገ ምን እንደሚሆን ታስባለች። ምንም አይሆንም። ያለችው ሁሉ ተመልሶ ምስጋና ሆኗል፤ ከእንግዲህ ወዲያ ደግሞ የሚበልጥ ምን ልትል ነው? ለሔራን ግን ደርሶላታል። ይህን ስታስብ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና አለች።

ሰው የሌለበት፣ ሾላው ያለበት ጥግ ሲደርሱ ቀሲስ ቆሙ። አልዞሩም።

«ደስ አለሽ?» አሉ።

የስብከቱ ድምፅ አልነበረም። የቤት ድምፃቸው ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ የሚጎረብጥ፣ ድሮ በጠዋት «ብርድ አለ፣ ልበሺ» ይላት የነበረው ድምፅ። የረሳችው መስሏት ነበር። የእናትዓለም ልብ በደስታ ዘለለ። ቁጣ መሆኑን ታውቃለች፣ ንቀት መሆኑን ታውቃለች፤ ልቧ ግን አልጠየቃትም፣ ዘለለ። በዚህም ራሷን ጠላች።

«አዎ» አለች። «ደስ ብሎኛል።»

ቀሲስ ፍሬ ስብሐት መራመድ ጀመሩ። እናትዓለምም ስድብም ይሁን፣ እርግማንም ይሁን፣ አንድ ቃል ይጨምሩልኝ ይሆናል ብላ፣ ቢናገሩ እንዳያመልጣት የጫማዋን ድምፅ እየቀነሰች በቅርብ ተከተለቻቸው።